ዥዋዥዌ የመሰለ ማሽን የሠራው ኧርነስት ሎረንስ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች አምዳችን የሳይንቲስቱን የኧርነስት ሎረንስን ታሪክ ይዘን ቀርበናል።

ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1901 በአሜሪካ አገር ካንተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱም እናቱም መምህራን ነበሩ። ልጅ ሆኖ ከጓደኛው ጋር ሬዲዮ ይሠራ ነበር። ለኮሌጅ ገንዘብ ሲያስፈልገው ደግሞ የአሉሚኒየም የወጥ ቤት ዕቃ በየገበሬው ቤት እየዞረ ሸጧል።

በ1929 አንድ ምሽት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በጀርመንኛ የተጻፈ ጽሑፍ አገኘ። ጀርመንኛው ብዙም አልገባውም፤ ሥዕሉን አይቶ ግን ነገሩ ገባው። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ አስቡ። በመጣ ቁጥር በሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብንገፋው እየራቀ ይሄዳል አይደል? ሎረንስም የሃይድሮጅን ቅንጣቶችን በማግኔት እያዞረ፣ በዞሩ ቁጥር በኤሌክትሪክ ገፋቸው። ማሽኑም ሳይክሎትሮን ተባለ። በ1931 ከተማሪው ከሊቪንግስተን ጋር የሠሩት 11 ሳ.ሜ. ገደማ ብቻ ስፋት ነበረው፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል! ከ2,000 ቮልት በታች ሰጥተውት ቅንጣቶቹ 80,000 ቮልት የሚሰጠውን ያህል ጉልበት ይዘው ወጡ።

ችግሩ ግን ጨረሩ በዓይን አይታይም። ታዲያ እንዴት አወቁ? ጨረሩ የሚያርፍበት ቁራጭ ብረት አድርገው ከመለኪያ ጋር አገናኙት። የማግኔቱን ኃይል ከፍ ዝቅ እያደረጉ መለኪያውን ያያሉ፤ ልክ ሲመጣ ንባቡ ከፍ ይላል። ጨረሩ ሲበተንባቸው ደግሞ ስስ የብረት ቁራጮች በማግኔቱ መሀል እየከተቱ እንደገና ይለካሉ። እናቶቻችን ቡና ሲቆሉ መልኩን እያዩ እሳቱን እንደሚቀንሱት ማለት ነው። ዛሬ ይህን ሥራ ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ ኮምፒውተር ይሠራዋል።

በ1939 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በጦርነቱ ጊዜ ግን የሂሮሺማ ቦምብ ዩራኒየም የተጣራው በአብዛኛው እሱ ባሰባቸው ማሽኖች ነው። እኛ ይሄንን ስናነብ አዝነናል።

ከሁሉ የነካን የእናቱ ነገር ነው። በ1937 እናቱ ካንሰር ያዛቸውና ሐኪሞች ተስፋ ቆረጡ። ሎረንስና ሐኪም የሆነው ወንድሙ በእሱ ላቦራቶሪ በተሠራ ኃይለኛ የራጅ ማሽን እንዲታከሙ አደረጉ፤ እናቲቱም ድነው ብዙ ዓመት ኖሩ። ሎረንስ ራሱ በ1958 በ57 ዓመቱ አረፈ።

አሁን በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳም፣ ለእኛ በሚቀርበን በጅማም የካንሰር ሕመምተኞች በጨረር ይታከማሉ። ጨረሩ ከበዛ ጤነኛውን ሥጋ ይጎዳል፣ ካነሰ አያድንም። ስለዚህ የዛሬዎቹ የሕክምና ማሽኖች ውስጥ መለኪያ አለ፤ ሐኪሙ ያዘዘው መጠን ሲሞላ ጨረሩን ራሱ ያቋርጠዋል።