ፍራንክሊን ሩዝቬልትና የፕሬዚዳንትነት ዘመን ወሰን

አንድ ሹም ሥልጣን የሚይዝበት ቀን እንደሚታወቅ ሁሉ የሚለቅበትም ቀን አስቀድሞ ቢታወቅ፥ ሹሙም ሕዝቡም ከብዙ ጭንቀት ይድናሉ። የአሜሪካ ሕዝብ ይህን ነገር በሕገ መንግሥቱ እንዲወስን ያነሣሣው የአንድ ታላቅ ሰው የሥራ ዘመን ነው። እኚህም ሰው ሠላሳ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩዝቬልት በጃንዋሪ 30 ቀን 1882 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት፥ ሃይድ ፓርክ በተባለ ስፍራ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፥ በኮሎምቢያ ደግሞ የሕግ ትምህርት ተከታተሉ። በ1905 የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን የወንድም ልጅ ኤልኖርን አገቡ። በ1913 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ረዳት ሆነው ተሾሙ። በ1921 ግን፥ በ39 ዓመታቸው፥ የልጅነት ልምሻ የሚባለው በሽታ ያዛቸውና ሁለቱ እግሮቻቸው ሰለሉ። ከዚያ ወዲህ ያለ ብረት ድጋፍ መቆም አልቻሉም። ሆኖም ተስፋ ሳይቆርጡ ወደ ሕዝብ አገልግሎት ተመልሰው በ1928 የኒው ዮርክ አገረ ገዥ፥ በ1932 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

በማርች 1933 ሥራቸውን ሲጀምሩ ንግድ ቆሞ፥ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ያህል ሥራ አጥቶ፥ ሕዝቡም ገንዘቡን ለማውጣት በየባንኩ ደጃፍ ተሰልፎ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ባንኮችን ሁሉ ለጥቂት ቀን አዘግተው፥ ሒሳባቸው ተመርምሮ ጤናማ የሆኑት እንዲከፈቱ አደረጉ። በዚያው ዓመት በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ዋስትና እንዲኖረው፥ በ1935 ደግሞ ሽማግሌዎች ጡረታ እንዲያገኙ ሕግ ወጣ። ሕዝቡም በ1936 ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ ድምፅ አሸናፊ አድርጎ እንደገና መረጣቸው።

በ1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥት አንድ ሰው ስንት ጊዜ ሊመረጥ እንደሚችል አልወሰነም ነበር። ወሰኑን ያበጀው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን ምሳሌነት ነው። እርሳቸው ሁለት ዘመን ከሠሩ በኋላ ሦስተኛውን ትተው በ1797 ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ጄፈርሰንና ሌሎችም ፈለጋቸውን ተከተሉ። ጄኔራል ግራንት በ1880፥ ቴዎዶር ሩዝቬልት ደግሞ በ1912 ለሦስተኛ ዘመን ሞክረው አልተሳካላቸውም። ልማዱ በጽሑፍ ባይሰፍርም እንደ ሕግ ተከብሮ ከአንድ መቶ አርባ ዓመት በላይ ቆየ።

በ1940 የፍራንክሊን ሩዝቬልት ሁለተኛ ዘመን ሊፈጸም ሲል፥ የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ድል አድርጎ አውሮፓ በእሳት ትነድ ነበር። ደጋፊዎቻቸው በዚህ ሰዓት መሪ መለወጥ አደገኛ ነው አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ግን፥ ለመቆየት ምክንያት የማያገኝ ሹም ስለሌለ ልማዱ አንዴ ከፈረሰ አይመለስም ብለው ሠጉ። ሕዝቡ ለሦስተኛ ጊዜ መረጣቸው።

በ1944 ጦርነቱ ገና ሳያልቅ አራተኛ ጊዜ ቀረቡ። በዚያው ዓመት ሐኪሞች የልባቸውን ድካምና የደማቸውን ግፊት ብዛት አውቀው ነበር፤ ለመራጩ ሕዝብ ግን አልተገለጠም። በፌብሩዋሪ 1945 ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ፥ በስዌዝ ቦይ መሥመር በሚገኘው በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በጦር መርከብ ውስጥ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተቀበሉ። ንጉሠ ነገሥቱም የኤርትራንና የባሕር በርን ጉዳይ አስረዷቸው። ሩዝቬልት ግን የዚህን ጉዳይ ፍጻሜ ለማየት አልታደሉም። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ በኤፕሪል 12 ቀን፥ አራተኛውን ዘመን በጀመሩ በ82ኛው ቀን፥ በጆርጂያ ግዛት በዋርም ስፕሪንግስ በ63 ዓመታቸው ደም በአንጎላቸው ፈስሶ ሞቱ።

ምክትላቸው ሃሪ ትሩማን በዚያው ዕለት ሥልጣኑን ተረከቡ። ይሁን እንጂ አገራቸው የአቶሚክ ቦምብ በመሥራት ላይ እንዳለች እንኳ አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም፤ ምሥጢሩን ያወቁት ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ ነው። ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተከማችቶ ስለ ነበረ፥ ተተኪው የጦርነቱን ከባድ ውሳኔዎች በቂ ዝግጅት ሳይኖረው ተቀበለ።

በ1946 ምርጫ የሪፑብሊካን ፓርቲ ሁለቱን ምክር ቤቶች ያዘ። በማርች 1947 ምክር ቤቶቹ ሃያ ሁለተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አሳለፉ፤ ከ48ቱ ግዛቶች 36ቱ ስላጸደቁትም በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1951 ጸና። በዚህ ሕግ መሠረት ማንም ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ፕሬዚዳንት ሆኖ አይመረጥም። ከሌላ ሰው ዘመን ከሁለት ዓመት የሚበልጠውን የሠራም አንድ ጊዜ ብቻ ይመረጣል።

ሕጉ የሞተውን ሰው ለመበቀል የወጣ ነው ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ በእርግጥም የፓርቲ ቂም አልታጣበትም። ነገር ግን መጀመሪያ ያሰረው የሩዝቬልትን ወገን አልነበረም። ሕጉን ያወጣው ፓርቲ አባል የነበሩት ጄኔራል አይዘንሃወር ሁለት ዘመናቸውን ፈጽመው በ1961 ሥልጣናቸውን አስረከቡ። ሕግ ለባለጋራ ተብሎ ቢወጣም ለወዳጅ እንደማያደላ በዚህ ታየ።

ሩዝቬልት በችግር ዘመን አገራቸውን ያቆሙ መሪ በመሆናቸው ስማቸው ይከበራል። ሆኖም ከሥራቸው ጋር ሞታቸውም ለሹምና ለነጋዴ ትምህርት ትቶ አልፏል። መዝገቡን የሚረከብ ሰው ሳያዘጋጅ በወንበሩ ላይ የሚቆይ ሰው፥ የቱንም ያህል ትጉህ ቢሆን፥ የድካሙን ፍሬ ለአደጋ ያጋልጣል። ደግ ሰው ሁልጊዜ አይገኝምና፥ የመልቀቂያውን ቀን በደግነት ላይ ከመተው በሕግ መወሰን ይሻላል።