ብናኙን ተከትለው የሄዱት ሐኪም፦ ዶክተር አሊስ ሐሚልተን

እርሳስ ሲባል በአብዛኛው ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የተማሪ መጻፊያ ነው። የመጻፊያው እምብርት ግን ስሙን ከመጋራቱ በቀር ከማዕድኑ ጋር ዝምድና የለውም፤ ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት ነው። ማዕድኑ እርሳስ ሌላ ነው። ከባድ፣ ለስላሳና በቀላሉ የሚቀልጥ በመሆኑ የሰው ልጅ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለቧንቧ፣ ለቀለም፣ ለሸክላ ማስዋቢያ፣ ለጥይትና በኋላም ለባትሪ ሲጠቀምበት ኖሯል። መርዛማነቱም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ተሰውሮ የቆየው ስንት ሠራተኛ፣ በየትኛው ሥራ ላይ፣ በምን መንገድ እንደሚመረዝ ነበር። ይህን በአሜሪካ ፋብሪካዎች ውስጥ እየዞሩ ቆጥረው ያሳዩት ዶክተር አሊስ ሐሚልተን ናቸው።

አሊስ ሐሚልተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1869 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። ያደጉት ግን በኢንዲያና ግዛት፣ ፎርት ዌይን በምትባል ከተማ ነው። ከአራት እኅትማማቾች ሁለተኛዋ ሲሆኑ፣ ታላቃቸው ኢዲት ሐሚልተን በጥንታዊት ግሪክ ታሪክና አፈ ታሪክ ላይ በጻፏቸው መጻሕፍት ስመ ጥር ሆነዋል። ልጆቹ በሕፃንነታቸው የተማሩት በቤታቸው ውስጥ ሲሆን ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ ዋና ትምህርታቸው ነበር። የአባታቸው ንግድ በከሰረ ጊዜ እኅትማማቾቹ የየራሳቸውን እንጀራ የሚያገኙበት ሙያ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። አሊስ የመረጡት ሕክምናን ነው። ሐኪም በሄደበት አገር ሁሉ ጠቃሚ ሆኖ መኖር እንደሚችል ያምኑ ነበርና።

በ1893 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ቀጥሎም ከእኅታቸው ከኢዲት ጋር ወደ ጀርመን ሄደው በላይፕሲግና በሙኒክ ተማሩ። በዚያን ዘመን የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን እንደ ሙሉ ተማሪ አይቀበሉም ነበር፤ ሁለቱ እኅትማማቾች ወደ ትምህርት ክፍሉ የገቡት ራሳቸውን ከሌሎች ዓይን ሰውረው እንዲቀመጡ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው።

በ1897 በቺካጎ የሴቶች ሕክምና ትምህርት ቤት ለማስተማር ተቀጠሩ። መኖሪያቸውንም ጄን አዳምስ በድሆች ሠፈር ባቋቋሙት ሐል ሐውስ በተባለው የማኅበረሰብ ማዕከል አደረጉ። ዙሪያውን የሚኖሩት ከጣሊያን፣ ከፖላንድ፣ ከግሪክና ከሌሎች አገሮች የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ዶክተሯ ሕፃናትን እያጠቡና እናቶችን እያማከሩ ከሠፈሩ ቤተሰቦች ጋር ተዋወቁ። ያልጠበቁትን ነገር ያዩትም በዚያ ነው። ጎልማሳ ወንዶች ሊሸከሙት በማይችሉት የሆድ ቁርጠት ይንፈራገጣሉ፤ የአንዳንዱ እጅ ከአንጓው ላይ ልፍስፍስ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ሌላው በድንገት ይንቀጠቀጥና ራሱን ይስታል። ጤነኛ ሆነው ከአገራቸው የመጡ ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ገርጥተውና ሰልለው ከቤት ይውላሉ።

ከፋብሪካው ሥራ በፊት አንድ ስሕተት ለቀጣዩ ሕይወታቸው ትምህርት ሆኗቸዋል። በ1902 በቺካጎ የታይፎይድ ወረርሽኝ ተነሣ። ሐሚልተን በሐል ሐውስ አካባቢ በሽታው የበረታው ክዳን ከሌላቸው መጸዳጃዎች በሚነሡ ዝንቦች ምክንያት ነው የሚል ጥናት አቀረቡ። ጥናቱ ሰፊ ምስጋና አስገኘላቸው። ከጊዜ በኋላ ግን ዋናው ምክንያት የቆሻሻ ፍሳሽ ከመጠጥ ውኃ ጋር መቀላቀሉ መሆኑ ታወቀ። የተመሰገኑበት ግኝት ትክክል እንዳልነበረ ራሳቸው በይፋ ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ የሠሩት ጥናት ሁሉ የማስረጃ ጥብቅነት የሚታይበት ሆነ።

በ1910 የኢሊኖይ ግዛት በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎችን ለማጥናት ሲነሣ ምርመራውን እንዲመሩ የተመረጡት ዶክተር ሐሚልተን ነበሩ። ለራሳቸው የያዙት ድርሻ እርሳስን ነው። በጊዜው በአሜሪካ ስለ ጉዳዩ የተሰበሰበ መረጃ አልነበረም ለማለት ይቻላል። በአውሮፓ እንግሊዝና ጀርመን የእርሳስ ፋብሪካዎችን በሕግ ይቆጣጠሩ ነበር። የአሜሪካ ባለ ፋብሪካዎች ግን የእኛ ፋብሪካ ንጹሕ ነው፣ የእኛም ሠራተኛ አይመረዝም ባዮች ነበሩ። ታሞ የተገኘ ካለም ጥፋቱ የራሱ ነው፤ እጁን ሳይታጠብ በልቷል ወይም መጠጥ አብዝቷል ይባል ነበር።

ሐሚልተን ይህን አባባል በቢሮ ተቀምጠው አልተቀበሉትም፤ አልጣሉትምም። ፋብሪካ ለመግባት የሚያስገድዱበት የሕግ ሥልጣን አልነበራቸውም። በሩን አንኳኩተው፣ በትሕትና አስፈቅደው ይገቡ ነበር። ከዚያም የታመሙትን ፍለጋ ይወጣሉ። የሆስፒታል መዝገብ ያገላብጣሉ፤ ግን መዝገቡ ብዙ ጊዜ የሕመምተኛውን ሥራ አይገልጽም። ስለዚህ ወደ መድኃኒት መደብሩ፣ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ፣ ወደ ቄሱ ዘንድና ወደ መጠጥ ቤቱ ይሄዳሉ። በመጨረሻም የሠራተኛውን ቤት አንኳኩተው ገብተው ከሚስቱ ጋር ይነጋገራሉ። አለቃው ባለበት ምንም የማይተነፍስ ሰው በቤቱ ሲሆን ሁሉን ይናገር ነበር።

አንድ ሰው በእርሳስ ተመርዟል ለማለት ያወጡት መስፈርትም ጥብቅ ነው። እርሳስ በድድ ጠርዝ ላይ የሚተወውን ጥቁር ሰማያዊ መስመር የመሰለ ግልጽ ምልክት ካላዩ አይቆጥሩም ነበር። እንዲያም ሆኖ ጥናቱ ከ70 በላይ የሥራ ዓይነቶች ሠራተኛን ለእርሳስ እንደሚያጋልጡ አሳየ፤ ከ500 በላይ የተመረዙ ሰዎችንም በማስረጃ አቀረበ። ነጭ የእርሳስ ቀለም የሚፈጩ፣ ባትሪ የሚሠሩ፣ ማዕድን የሚያቀልጡ፣ ቤት የሚቀቡ፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳን በኢናሜል የሚለብጡ ሠራተኞች ሁሉ ከነዚህ ይገኙ ነበር።

የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር የመመረዣው መንገድ መታወቁ ነው። ዋናው አደጋ ያልታጠበ እጅ ሳይሆን ሠራተኛው የሚተነፍሰው ብናኝና ጭስ መሆኑን ሐሚልተን አረጋገጡ። ይህ የኃላፊነቱን ቦታ ለወጠው። እጅ መታጠብ የሠራተኛው ጉዳይ ነው፤ ብናኙን የሚስብ ማራገቢያ መትከል፣ ዱቄቱን አርጥቦ መሥራት፣ ማሽኑን መክደን ግን የባለ ፋብሪካው ግዴታ ነው። ኢሊኖይ በ1911 አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከእንዲህ ዓይነቱ በሽታ እንዲጠብቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቢሮ ጥናቱን በመላ አገሪቱ እንዲያስፋፉ ጠየቃቸው። ደመወዝ አልነበረውም፤ ጥናቱ ሲያልቅ ቢሮው ይገዛቸዋል። ሐሚልተን ተስማሙ። ከታላላቅ የእርሳስ ኩባንያዎች የአንዱ ኃላፊ የነበሩት ኤድዋርድ ኮርኒሽ በፋብሪካዎቻቸው የተመረዘ ሰው መኖሩን አላመኑም። ማስረጃ ከመጣ ግን የሚባሉትን ሁሉ እንደሚያደርጉ ቃል ገቡ። ሐሚልተን ሆስፒታል የሚያስገባ ሕመም የደረሰባቸውን የ22 ሠራተኞች ማስረጃ ይዘው ተመለሱ። ኮርኒሽም ቃላቸውን አላጠፉም፤ የብናኝ መሳቢያ አስተከሉ፣ ሠራተኞችን የሚመረምር ሐኪም ቀጠሩ። ሐሚልተን ሰውን በክስ ከማሳደድ ይልቅ እውነቱን በፊቱ ማስቀመጥ ሊለውጠው እንደሚችል ከዚህ ተገነዘቡ።

በ1919 ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በኢንዱስትሪ ሕክምና ረዳት ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠራቸው። በታሪኩ የመጀመሪያዋ ሴት መምህር ነበሩ። በመስኩ ከእርሳቸው የተሻለ ዕውቀት ያለው ወንድ ባለመገኘቱ ነው የተጠሩት። ሆኖም ወደ መምህራኑ ክበብ እንዳይገቡ፣ በምረቃ በዓል ከመምህራኑ ጋር እንዳይሰለፉ፣ ለመምህራን የሚሰጠውን የእግር ኳስ መግቢያም እንዳይጠይቁ ተነገራቸው። 16 ዓመት አስተምረው በ1935 ጡረታ ሲወጡ ማዕረጋቸው ያው ረዳት ፕሮፌሰር ነበር። በ1925 ያሳተሙት መጽሐፍ ግን በኢንዱስትሪ መርዞች ላይ በአሜሪካ የተጻፈ የመጀመሪያው የማስተማሪያ መጽሐፍ ሆኗል።

በዚያው ዓመት የገጠማቸው ክርክር ከቀደሙት ሁሉ የከበደ ነበር። ቤንዚን በሞተር ውስጥ ያለ ማንኳኳት እንዲቃጠል የሚያደርግ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውሕድ ተገኝቶ በ1923 ለገበያ ቀርቦ ነበር። በ1924 በኒው ጀርሲ በአንድ የነዳጅ ማጣሪያ ውሕዱን ሲሠሩ ከነበሩት ሠራተኞች አምስቱ አእምሯቸውን ስተው ሞቱ፤ በርካቶችም ሆስፒታል ገቡ። በሜይ 1925 የመንግሥት የጤና ባለሥልጣናት፣ ባለ ኩባንያዎችና ሳይንቲስቶች በዋሽንግተን ተሰበሰቡ። ኩባንያዎቹ ጥንቃቄ ከተደረገ አደጋ የለውም አሉ። ሐሚልተን ግን ልዩነቱን አስረዱ። የፋብሪካን ብናኝ በማራገቢያ መሳብ ይቻላል፤ በየጎዳናው በሚነዳ መኪና የሚወጣውን እርሳስ ግን ማንም ሊቆጣጠረው አይችልም። ሌላ ማንኳኳትን የሚከላከል ነገር ይፈለግ አሉ።

አልተሰሙም። የተሰየመው ኮሚቴ በቀጣዩ ዓመት ውሕዱን ለመከልከል በቂ ምክንያት አላገኘሁም ሲል ሪፖርት አቀረበ። ቤንዚኑ ወደ ገበያ ተመለሰ፤ ለአሥርት ዓመታትም በዓለም ጎዳናዎች ላይ እርሳስ ተበተነ። በ22 ሰዎች ማስረጃ አንድ ኩባንያ የለወጡት ሐኪም፣ ገና ያልታመሙትን ሰዎች ማስረጃ አድርገው ማቅረብ አልቻሉም። በዚያ ክርክር ጉዳት መኖሩን የማስረዳት ሸክም የወደቀው ምርቱን ለገበያ ባቀረበው ላይ ሳይሆን ሕዝቡን ለመጠበቅ በቆመው ወገን ላይ ነበር።

ጊዜ ግን ፈረደላቸው። በ1960ዎቹ ክሌር ፓተርሰን የተባሉ ሳይንቲስት በአየር፣ በውኃና በሰው አካል ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈጥሯዊው መጠን እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳዩ። አሜሪካ ከ1970ዎቹ ጀምራ በቤንዚን ውስጥ ያለውን እርሳስ ቀነሰች። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ አቆሙ። የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 ስታቆም ከዋሽንግተኑ ስብሰባ 96 ዓመታት አልፈው ነበር። ኢትዮጵያም በአንድ ኪሎ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ በ2018 አውጥታለች።

ሐሚልተን የተከታተሉት ብናኝ ዛሬም ከፋብሪካ ውጭ ይገኛል። ያረጀ የመኪና ወይም የሶላር ባትሪ በግቢ ተሰብሮ እርሳሱ ሲቀልጥ ብናኙ በአፈሩ ላይ ይቀራል። እርሳስ አይበሰብስም፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት፣ ዶሮ በሚጭርበትና ጎመን በሚተከልበት መሬት ለብዙ ዓመታት ይቆያል። የሕፃን አካል ከአዋቂው አራትና አምስት እጥፍ የሚደርስ እርሳስ ወደ ውስጡ ይስባል፤ ጉዳቱም በአእምሮው ዕድገት ላይ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት እንደማያደርስ የተረጋገጠ የእርሳስ መጠን የለም ይላል።

ዶክተር አሊስ ሐሚልተን ከጡረታ በኋላም አላረፉም። የሕይወት ታሪካቸውን በ1943 አሳትመዋል፤ በሠራተኞች መብትና በሰላም ጉዳይም እስከ እርጅናቸው ድረስ ድምፃቸውን አሰምተዋል። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1970 በኮኔክቲከት ግዛት፣ ሐድላይም በተባለች መንደር በ101 ዓመታቸው ዐረፉ። ከሦስት ወር በኋላ የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞችን ደኅንነትና ጤና የሚያስከብረውን ሕግ አጸደቀ። ከዚያ በኋላ የመንግሥት መርማሪ ወደ ፋብሪካ የሚገባው እንደ ሐሚልተን በትሕትና ለምኖ ሳይሆን በሕግ ሥልጣን ሆነ።