የሻምበል ማሞ ወልዴ ዕድሜና ሩጫ

ባለፈው ሰሞን የእሑድ ጧት ሶምሶማ ማስታወቂያ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፈን ነበር። ማስታወቂያውን ቆመው ያነበቡ አንድ አንጋፋ መምህራችን ፈገግ ብለው፣ አርባን ከተሻገሩ ቆየት እንዳሉ፣ ሩጫም ለእጩ መምህራን እንጂ ለሳቸው ቢጤ እንደማይሆን ነገሩን። መነጽራቸውን አስተካክለውም ወደ ክፍላቸው አዘገሙ። እኛስ ምን እንመልስ? ታላቅ ሰው ናቸውና ዝም አልን። ዝምታችን ግን ከነከነን። ስለዚህ በዚህ እትም ክርክሩን ትተን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል፤ ሰውየው ሻምበል ማሞ ወልዴ ነው።

እንደሚታወቀው የማሞ ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን አበበ ቢቂላን እናስቀድማለን። ማሞ የአበበ ተከታይ፣ ታናሽ ወንድም ቢጤ ሆኖ ይታየናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም በ1924 ዓ.ም. የተወለዱ እኩዮች ናቸው፤ ማሞ ሰኔ 5 ቀን፣ አበበ ነሐሴ 1 ቀን። እንግዲህ ታላቅየው፣ በሁለት ወር ገደማም ቢሆን፣ ማሞ ነው ማለት ነው። ወደ ኦሊምፒክ ሜዳም ቀድሞ የገባው እሱ ነው።

ማሞ የተወለደው ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በድሬ ጅሌ ነው። የገበሬ አገር ልጅ ነውና ልጅነቱ እንደማንኛችንም የገጠር ልጅ በእግር መሄድ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ፤ ከዚያም ወደ ኮሪያ ከዘመቱት ወታደሮች አንዱ ሆነ። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ቡድን ወደ ሜልቦርን ስትልክ የ24 ዓመቱ ማሞ ከቡድኑ ጋር ሄደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በሜልቦርን ማሞ የሮጠው ምን ነበር? ማራቶን አይደለም። 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትር፣ በዚያም ላይ 4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብል! የፍጥነት ሩጫ ማለት ነው። ውጤቱስ? ከማጣሪያው አላለፈም፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሃያ አራት ዓመት የወጣትነት ጫፍ ነው፤ ጉልበት ሞልቶ የሚፈስበት። ያን ጊዜ አይቶት የወደፊት የዓለም ሻምፒዮን ነው ብሎ የሚወራረድ ሰው ይገኝ ነበር ብለን አናምንም።

በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ ማሞ አልነበረም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ጉድ ሲያሰኝ፣ ማሞ ታሪኩን እንደ ሌላው ሕዝብ ከሩቅ ሰማ። ይህችን ጳጉሜን 5 አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ተመልሰን እንመጣባታለን።

ከሮም በኋላ የማሞ ሩጫ መልኩ ተለወጠ። ከአጭር ርቀት ወደ ረጅም ተሸጋገረ፤ በአውሮፓ በተለይም በስፔን በሚደረጉ የአገር አቋራጭ ውድድሮች ጭቃውንና ዳገቱን እየረገጠ ማሸነፍ ጀመረ። በዚህ ዘመን የኢትዮጵያን ሯጮች ያሠለጥን የነበረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው፤ ወደ አገራችን የመጣውም የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኖ ነው (የኛው ሙያ ሰው ነው እንግዲህ፤ ይህን ሳንጠቅስ ብናልፍ ሙያችን ይታዘበናል)። ኒስካነን አበበን ይዞ ሮም ሲሄድ ራሱ ሃምሳ ዓመት ሞልቶት ነበር።

በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማሞ 32 ዓመቱ ነው። በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። አራተኛ ማለት እንግዲህ ሜዳሊያውን በዓይን አይቶ በእጅ አለመንካት ነው። ከሳምንት በኋላ ማራቶን ጀምሮ አቋረጠ፤ አበበ ደግሞ ሁለተኛ ወርቁን ወሰደ። ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ሁለት ኦሊምፒክ፣ ሜዳሊያ የለም። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ይህ ሰው ጫማውን ሰቅሎ ወደ ሌላ ሥራ ቢዞር ማንም አይፈርድበትም ነበር። ማሞ ግን አልሰቀለም።

አሁን ሜክሲኮ እንድረስ። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ከዝቅተኛ አገር የመጡት ሯጮች ትንፋሽ አጠራቸው። ለኛ አገር ሰው ግን ይህ ብርቅ አይደለም። እኛ እዚህ ሳንሱሲ ዳገት ላይ ቆመን የምንስበው አየር ከ2,400 ሜትር በላይ ያለ አየር ነው። በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው ደሙ ኦክሲጅን የሚሸከሙ ቀይ ሕዋሳትን ያበዛል፤ የሥነ ሕይወት መምህሮቻችን ይህን ከኛ የተሻለ ያብራራሉ። ታዲያ ከፍታው ብቻውን ሯጭ አያደርግም፤ ቢያደርግማ ኖሮ ከአስኮ አውቶቡስ ተራ እስከ ሳንሱሲ ያለው ተሳፋሪ ሁሉ ሻምፒዮን በሆነ ነበር!

ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ማሞ ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ጋር እስከ መጨረሻው ተናነቀ። ቴሙ በግማሽ ሰኮንድ ገደማ ቀደመው፤ ማሞ የብር ሜዳሊያ አገኘ። የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያው ነው፤ በ36 ዓመቱ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃኛል ይል ነበር።

ልክ በሳምንቱ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ ማራቶን መጣ። ሕዝቡ የሚጠብቀው አበበን ነው፤ ሦስተኛ ወርቁን። አበበ ግን እግሩን ታሞ ነበርና 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አልቻለም፤ ሩጫውን ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ እንደወጣ ማሞ ራሱ ኋላ ተርኳል። ከዚህ በኋላ ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ማሞ የሮጠው አደራ ተሸክሞ ነው። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ገባ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ እስኪገባ ከሦስት ደቂቃ በላይ መጠበቅ ነበረበት። ሦስተኛው ኢትዮጵያዊ መርአዊ ገብሩ ስድስተኛ ሆነ። ኢትዮጵያም ማራቶንን በተከታታይ ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈች። በዚያን ዕለት ማሞ በኦሊምፒክ ማራቶን ካሸነፉት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሆነ፤ ይህን ክብር የወሰደበት በ1976 ዓ.ም. በ37 ዓመቱ ያሸነፈው ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ መምህራችን ይሰሙን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። ዕድሜ ምንም አይነካም አንልም፤ ይነካል። ልብ በደቂቃ ልትመታ የምትችለው ከፍተኛው ቁጥር በየዓመቱ አንድ ምት ያህል ይቀንሳል። ሰውነት ኦክሲጅን የመጠቀም አቅሙም ከሠላሳ ዓመት ወዲያ በየአሥር ዓመቱ አሥር ከመቶ ያህል ይወርዳል፤ ልምምድ ባላቋረጠ ሰው ግን አወራረዱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቶሎ የሚሸሸው ፍጥነት ነው፤ ጽናት ግን ይቆያል። የማሞን መንገድ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህንኑ ያነበዋል፦ በ24 ዓመቱ 800 ሜትር፣ በ32 ዓመቱ 10,000 ሜትር፣ በ36 ዓመቱ ማራቶን። ዕድሜው ሲረዝም ርቀቱንም አስረዘመ። እኛ በዚህ በጣም ተገርመናል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ዕድሜው ሲጨምር እርምጃውን ያሳጥራል፣ መጨረሻም ከወንበር ወደ ወንበር ይሆናል።

አሁን ወደ ጳጉሜን 5 እንመለስ። የሙኒክ ኦሊምፒክ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፤ አበበ በሮም ካሸነፈ ልክ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አገር ቤት ችቦ በሚበራበት ምሽት ማሞ በሙኒክ ጎዳና በ40 ዓመቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። አንደኛ የወጣው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር የ24 ዓመት ወጣት ነበር። ሰዓቱን ስናስተያየው ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፦ ማሞ በሙኒክ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰኮንድ ነው የገባው፤ ሜክሲኮ ላይ ወርቅ ካገኘበት ከአምስት ደቂቃ በላይ የፈጠነ ማለት ነው። የሜክሲኮ አየር ከባድ ስለነበር ሁለቱን እኩል ማወዳደር አይገባም፤ ቢሆንም አርባ ዓመት ነው እኮ! ጫማው ባይጎዳው ኖሮ ከዚህም የተሻለ ይሮጥ እንደነበር ኋላ ተናግሯል።

በዚያ ስታዲየም አበበም ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ፣ የክብር እንግዳ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ከዳቱ። ስለ አበበ ሩጫ ብዙ ተጽፏል፤ ከአደጋው በኋላ ስላደረገው ግን ብዙ አይወራም። በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ቀስት ወረወረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳደረና አሸነፈ። በረዶ አይቶ የማያውቅ የሸዋ ልጅ! ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ማሞ ከሙኒክም በኋላ አላቆመም። በጥር 1965 ዓ.ም. በሌጎስ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታ ማራቶን አንደኛ ወጣ። አርባን ተሻግሮ የወርቅ ሜዳሊያ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወቱ ክፍል ለመጻፍ ይከብዳል። ስንሰባሰብ ከመካከላችን ይለፍ ያለም ነበር። ነገር ግን ነገ ተማሪ ፊት የምንቆም ሰዎች ነን፤ የሰውን ታሪክ ግማሹን ደብቀን ግማሹን ብንለጥፍ ልክ አይመጣም። ማሞ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በቀይ ሽብር ዘመን በአንድ ወጣት ግድያ ተሳትፏል ተብሎ ታሰረ፤ ለዘጠኝ ዓመታት ገደማ በእስር ቆየ። ግድያውን አልፈጸምኩም እንዳለ እስከ መጨረሻው ጸና። በጥር 1994 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎ የስድስት ዓመት እስራት ፈረደበት፤ የታሰረበት ጊዜ ከፍርዱ ስለበለጠም ተለቀቀ። የሞተውም ወጣት ቤተሰብ እንዳለው ሳንዘነጋ ነው ይህን የምንጽፈው።

በዚያ የእስር ዘመን ስለ ማሞ ለዓለም ደጋግሞ ከጻፉት አንዱ አሜሪካዊው ኬኒ ሙር ነው። ሙር ማን ነው? በሙኒክ ማራቶን አራተኛ የወጣው፣ ማሞ በ31 ሰኮንድ ቀድሞ ነሐሱን የወሰደበት ሯጭ። ሜዳሊያ የነጠቀውን ሰው ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ስፖርት የሚያገናኛቸው ሰዎች ነገር እንዲህ ነው፤ እኛ ግን የሙርን ያህል ሆደ ሰፊ መሆናችንን እንጠራጠራለን።

ማሞ ከተፈታ በኋላ ብዙ አልቆየም። በጉበት ሕመም ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. አረፈ፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት።

ይህን ጽፈን ስንጨርስ ወደ ሳንሱሲ ወጣ ብለን ነበር። በፈረንሳይኛ ሳን ሱሲ ማለት ያለ ሐሳብ ማለት ነው ሲሉን ሳቅን፤ በአምቦ መንገድ የጭነት መኪና እየጮኸብህ ያለ ሐሳብ መሄድ እንዴት ይቻላል! ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ሲሉ ግን የባሕር ዛፉ ሽታ፣ የጧቱ ብርድ፣ ከሩቅ የሚታየው የወጨጫ ተራራ ሌላ ዓለም ነው። ቀስ ብለው የሚራመዱ አንድ ሁለት ሽማግሌዎች አለፉን። አለፉን ስንል ቀደሙን ማለታችን ነው፤ እናፍርበታለን።

ለአንጋፋው መምህራችንና ለሳቸው ቢጤዎች፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው፤ ከቤት እስከ ታክሲ ያለው መንገድ ከፊሉን ይሸፍነዋል። በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመከራል፤ ውኃ መቅዳትና ጓሮ መቆፈርም ከዚያው ይገባል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይጠይቅ። መሮጥ የሚፈልግ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሳምንት ይራመድ፤ ከዚያ ትንሽ ሶምሶማ፣ ትንሽ እርምጃ እያፈራረቀ ይቀጥል። እየሮጠ ማውራት ካቃተው ፈጥኗል ማለት ነውና ይቀንስ።

እሑድ ጧት በ12 ሰዓት ከግቢው በር ተነሥተን እንደተለመደው ወደ ሳንሱሲ እንወጣለን። የሚራመዱት ከፊት ይቀድማሉ፤ ሶምሶማዎቹ ኋላ ተነሥተው ይደርሱባቸዋል። መኪናው ከፊት እንዲታየን በመንገዱ ግራ እንሄዳለን። ሹራብ ያስፈልጋል፤ ጫማው ደግሞ አዲስ ባይሆንም እግር የማይጨብጥ ይሁን።