ሂካ የተባለው ልጅ

በትንሣኤ ሰሞን በጥናት ቡድናችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ክርስቶስ ሕያው ነው ስንል በሰው ሕይወት ላይ ምን ይታያል? ብዙ ተከራከርን፤ ልብ የሚያሳርፍ መልስ ግን አላገኘንም። ስለዚህ ክርክሩን ትተን የአንድ አባት ታሪክ ማንበብ ጀመርን። እኚህ አባት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ኦኔሲሞስ በ1850ዎቹ ዓመታት በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር፤ ትርጉሙ በኦሮምኛ አስተርጓሚ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላቸው ሰዎች የሚመጣውን ከየት ያውቃሉ! ገና ልጅ ሳሉ ተነጥቀው ተሸጡ፤ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተላለፉም ምጽዋ ደረሱ። እዚያም በ1870 ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነፃ አወጣቸውና የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ።

በ1872፣ በምዕራባውያን አቆጣጠር በትንሣኤ እሑድ፣ ተጠመቁ። የተሰጣቸው ስም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው የዚያ ባሪያ ስም ነው። እዚህ ላይ ንባባችንን አቁመን ዝም አልን። እኛ ትንሣኤን በአዲስ ልብስና በዶሮ ወጥ እናውቀዋለን። ያን ቀን መቃብሩ ባዶ ነው የሚለውን ወንጌል የሰማው ግን እንደ ዕቃ ሲሸጥ ሲለወጥ የኖረ ወጣት ነበር።

ከዚያ በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምረው ተመለሱ። ሐሳባቸው ወገኖቻቸው ዘንድ መድረስ ነበር፤ በሱዳን በኩል ሞከሩ፤ መንገዱና ንዳዱ መለሳቸው። እንደ ገና እምኩሉ ገቡ። እግራቸው ያልደረሰበት ቦታ መጽሐፉ ይድረስ ብለው ትርጉሙን ያዙ። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖም አብራቸው ደከመች፤ ኦሮምኛ ቃላትን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን ሰበሰበች። (የአስቴር ስም ጎላ ብሎ አለመጠራቱን እኅቶቻችን አልወደዱትም፤ እኛም እውነታቸውን ነው ብለናል።) አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ።

ወደ ወለጋ የደረሱት በ1904 ነው። ነፃ ከወጡ ሠላሳ አራት ዓመት መሆኑ ነው! ነቀምቴ ላይ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ በክብር ተቀበሏቸው፤ ሕዝቡም በገዛ ቋንቋው ሰማቸው። ነገር ግን ክስ ተነሣባቸውና አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀረቡ። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቅዱም እንዳይሰብኩ ታዘዙ። እንግዲህ ያን ያህል ዘመን የተመኙት ሕዝብ መካከል ተቀምጦ ዝም ማለት ምን ያህል ይከብድ! ከእኛ አንዱ፣ እኔ ብሆን ወደ ስዊድን እመለስ ነበር አለ፤ የሳቀበት አልነበረም። እርሳቸው ግን አገራቸውን ጥለው አልሄዱም። በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ፈቃድ አገኙ።

ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው አገለገሉ። ያረፉት ነቀምቴ ላይ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ወደ ጸሎት ቤት እየሄዱ ሳሉ።