የብረት ሠሪው ልጅ ሶይቺሮ ሆንዳ

በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ዓምድን የማቀርብላችሁ እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።

ሆንዳ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ሞተር ሳይክል ነው። የሰው ስም መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ ይህን ሰው የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የሳይንስ ክበባችን አባላት በመጪው ክረምት አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል አድሰን ልናስነሣ ስላሰብን ነው። ሞተሩ የአጎቴ ነው። ጓሮ ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ዶሮ ይሰፍርበታል። ቤተሰቡ ግማሹ በኪሎ ይሸጥ ይላል፤ ግማሹ ለልጆቹ ይሰጥ ይላል። ገና አልተቆረጠም። ሁለተኛውን ምክንያት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሶይቺሮ ሆንዳ የተወለደው ኅዳር 8 ቀን 1899 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ፣ ሃማማትሱ ከሚባል ከተማ አጠገብ ባለች ኮምዮ በምትባል የገጠር መንደር ነው። አባቱ ጊሄይ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ በኋላ ብስክሌት መጠገንም ጀመረ። እናቱ ሚካ ሸማኔ ነበረች። ልጁ ያደገው የመዶሻና የሸማ ዕቃ ድምፅ እየሰማ ነው።

አንድ ቀን በመንደሩ መኪና መጣ። ሶይቺሮ መኪና አይቶ አያውቅም ነበርና ከኋላ ከኋላው ሮጠ። መኪናው መሬት ላይ ያንጠባጠበውን ዘይት ጎንበስ ብሎ አሸተተው ይባላል። 10 ዓመቱ ላይ ደግሞ አንድ አሜሪካዊ በአውሮፕላን ትርኢት ሊያሳይ ሃማማትሱ እንደመጣ ሰማ። የአባቱን ብስክሌት ሳያስፈቅድ ወስዶ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። ብስክሌቱ የትልቅ ሰው ስለሆነ ኮርቻው ላይ ሆኖ እግሩ አይደርስለትም፤ እግሩን በብረቱ መሐል አሾልኮ ነው የነዳው። እኛም አገር ልጆች እንዲህ ሲነዱ አይታችኋል። እዚያ ሲደርስ ለመግቢያ የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበረው ዛፍ ላይ ወጥቶ አየ።

በትምህርቱ ጎበዝ አልነበረም። በዚያ ጊዜ የተማሪ ውጤት ቤት ተወስዶ የቤተሰብ ማኅተም ይመታበት ነበር፤ ልክ እኛ ካርድ እንደምናስፈርመው። ሶይቺሮ ከብስክሌት ፔዳል ጎማ ቆርጦ የውሸት ማኅተም ሠራ። የሱ የቤተሰብ ስም በጃፓን ፊደል ሲጻፍ በግራም በቀኝም እኩል ስለሆነ ቢገለበጥም አያስታውቅም። ጓደኞቹ ለእኛም ሥራልን አሉትና ሠራላቸው። የነሱ ስም ግን ተገልብጦ ታተመና ሁሉም ተያዙ፤ ሶይቺሮም ተቀጣ። (መምህራን፣ እንዲያደርጉ ሳይሆን እንዲማሩበት ነው የጻፍኩት!)

15 ዓመት ሲሆነው ቶኪዮ ሄዶ አርት ሾካይ የሚባል ጋራዥ ተቀጠረ። እኛ አገር የቆሎ ተማሪ አቁማዳውን ይዞ ቅኔ ፍለጋ ደብረ ኤልያስ ድረስ እንደሚመጣ ማለት ነው። መጀመሪያ ግን ቁልፍ አላስያዙትም። ወራት ሙሉ የባለቤቱን ሕፃን አዝሎ እየጠረገ ቆየ። ተስፋ ቆርጦ ሊጠፋ ፈልጎ ነበር፤ ግን አልጠፋም። ሕፃኑን እንዳዘለ ሌሎቹ ሲሠሩ በዓይኑ ይማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮን ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አወደማት። ብዙዎቹ ሠራተኞች ሲሄዱ እሱ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነበር፤ የተቃጠሉ መኪናዎችን ሲጠግን ሙያውን ለየ። በ21 ዓመቱ ወደ ሃማማትሱ ተመልሶ የጋራዡን ቅርንጫፍ ከፈተ።

ከዚያ ጥገና ብቻ አልበቃው አለና የፒስተን ቀለበት መሥራት ጀመረ። ቀለበቱ ቀጭን ብረት ነው፤ ፒስተኑን ከብቦ የታመቀው ጋዝ እንዳያመልጥ ይዘጋል። ቀላል ይመስላል፤ እሱ የሠራው ግን ይሰበር ነበር። ምክንያቱን ሲያጣ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ፋብሪካ እያለው፣ በሃማማትሱ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ስለ ብረት ተማረ። ፈተና ስለማይፈተን ዲፕሎማ አልሰጡትም። እሱ የፈለገው ዕውቀቱን ነበር። ለቶዮታ ካቀረባቸው 50 ቀለበቶች ጥራት ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። አስቡት፣ ከ50 ሦስት! እስኪስተካከል ድረስ ግን አልተወውም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው በቦምብ ተመታ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ የቀረውን አፈረሰው። የተረፈውን ለቶዮታ ሸጠ። ጃፓን በዚያን ጊዜ የተራበች አገር ነበረች። ሰው ምግብ ፍለጋ ሩቅ መንገድ በብስክሌት ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ሶይቺሮ አንድ ትንሽ ሞተር አየ። የጦር ሠራዊቱ ለሬዲዮ መብራት ማመንጫ ይጠቀምበት የነበረና የተጣለ ነው። ወስዶ ብስክሌት ላይ ገጠመው። የነዳጅ ታንክ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሰዎች በብርድ ጊዜ ሙቅ ውኃ ሞልተው የሚታቀፉትን ዕቃ ታንክ አደረገው። ሞክራ የነዳችው ባለቤቱ ሳቺ ናት። እንዲህ ዓይነት አሮጌ ሞተር 500 ያህል ሰብስቦ ነበር፤ እያንዳንዱን ፈታ፣ አጸዳ፣ አሻሽሎ ገጠመ። ሲያልቁበት የራሱን ሞተር ሠራ።

እ.ኤ.አ. በ1948 የሆንዳ ኩባንያ ተመሠረተ። በ1949 ድሪም የሚባለው ሞተር ሳይክል ወጣ። በዚያው ዓመት ታኬኦ ፉጂሳዋ የሚባል ሰው አብሮት መሥራት ጀመረ፤ ሆንዳ ብረቱን፣ ፉጂሳዋ ገንዘቡን ያዙ። በ1958 የተሠራችው ሱፐር ከብ እስከ 2017 ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። በ1959 በእንግሊዞቹ የማን ደሴት ውድድር ስድስተኛ የወጡት ሞተሮቹ በ1961 አንደኛ ወጡ። የእኛ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት በ1964 ደግሞ የሆንዳ መኪና ፎርሙላ ዋን ገባች።

እውነቱን ለመናገር ሆንዳ ቁጡ ሰው ነበር፤ ሠራተኛ ይመታም ነበር። ይሄ ጥሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራውን ለወጣቶች ለቀቀ። ከዚያ በመላው ጃፓን እየዞረ ሠራተኞቹን አመሰገነ። አንድ ሠራተኛ እጁ ግራሶ ስለነካው ለመጨበጥ አፍሮ ሲሸሽ ሆንዳ እጁን ይዞ ጨበጠው። ሐምሌ 29 ቀን 1983 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ አረፈ። ደርግ ከወደቀ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

አሁን ለአሮጌው ሞተራችን የሚሆነውን ምክር ላምጣ። ከሆንዳ ታሪክና አባቴን ጠይቄ ያገኘሁት ነው።

አንደኛ፣ ከመፍታታችን በፊት እንሣለው። ብሎኑን በየቦታው ለይተን በቆርቆሮ እናስቀምጥ፣ ቁጥርም እንጻፍበት። የተቀላቀለ ብሎን ሞተር ይገድላል።

ሁለተኛ፣ ሞተር የሚነሣው በአራት ነገር ነው፦ ቤንዚን፣ አየር፣ የካንዴላ እሳት፣ እመቃ። አንዱ ከጎደለ አይነሣም። ስለዚህ አንድ በአንድ እንፈትሽ እንጂ ሁሉንም አንነካካ። ታንክ ውስጥ የቆየ ቤንዚን ተበላሽቶ ካርቦራተር ይደፍናል፤ መቀዳት አለበት።

ሦስተኛ፣ ብዙ ጊዜ የቆመ ሞተር ፒስተኑ ዝጎ ሊጣበቅ ይችላል። በእግር በኃይል አንምታው። ካንዴላውን ፈትተን በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምረን ቀናት እንተወው፤ ከዚያ ቀስ ብለን እናዙረው።

አራተኛ፣ የጎደለውን ሳናውቅ ዕቃ አንግዛ። ቀለም መጨረሻ ነው፤ ፍሬንና ጎማ ግን ከቀለም ይቀድማል።

አምስተኛ፣ ሥራ እንከፋፈል፤ እንደ ሆንዳና ፉጂሳዋ። አንዱ ይፍታ፣ አንዱ ይመዝግብ፣ አንዱ ገንዘብ ይያዝ።

ስድስተኛ፣ ያለ ትልቅ ሰው አንንካው። ቤንዚን ካለበት እሳት አይቅረብ። ቢነሣም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ነው የሚነዳው፤ እኛ አይደለንም።

ሁለተኛው ምክንያቴ ይኸውላችሁ። እኔም የብረት ሠሪ ልጅ ነኝ። አባቴ ማረሻ፣ ማጭድና ምሣር ይሠራል። አንዳንድ ልጆች በዚህ ይሰድቡኛል፤ ስሙን መጻፍ አልፈልግም፣ ታውቁታላችሁ። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። ያኔ ሶይቺሮ ሆንዳ ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ነበር። ይኸው እሱ አድጎ፣ ሠርቶ፣ ሞቶ እንኳ ስድቡ እዚህ አላለቀም። ግን ያለ ማረሻ ጤፍ የለም፣ ስንዴ የለም። ሰዳቢውም የሚበላው እንጀራ በብረት ሠሪ እጅ ያለፈ ነው።

ሞተሩ ለክበባችን ከተሰጠ ወናፉንና መዶሻውን አባቴ ሊያውሰን ቃል ገብቷል። መሥራት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ፤ የሰደበኝም ቢሆን ይምጣ፣ የሚፈታ ብሎን ሞልቷል። ለአጎቴም የምለው አለኝ፦ አጎቴ፣ ይህን መጽሔት ካነበብክ እባክህ በኪሎ አትሽጠው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።