የሚሰማ ጆሮ
ስለ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ኑሮ፤ ቃሉንም አጥብቆ ስለ መስማት

አንባቢ ሆይ፤ ከወረታ ወጥተህ የጎንደርን መንገድ ስትይዝ የፎገራን ሜዳ በስተ ግራህ ታያለህ። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በዚህ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። ውኃው ቀስ ብሎ የሰረገበት መሬት ሩዙንና ጓያውን ያበቅላል፤ ፈጥኖ የወረደበት ተዳፋት ግን አፈሩን አጥቶ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል። የእግዚአብሔርም ቃል በሰው ጆሮ ላይ እንዲሁ ነው፤ የሚያልፍበት ሰው አለ፥ የሚሰርግበትም ሰው አለ። ቃሉ የሰረገበትን የአንድ ሰው ኑሮ እነግርህ ዘንድ እወዳለሁ፤ ሰውዬውም የዚሁ አገር ልጅ ናቸው።

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ዓመት በበጌምድር፥ በይፋግ አጠገብ ተወለዱ። በብላቴንነታቸው ከወላጆቻቸው ጥላ ተለይተው ወደ ምጽዋ ወረዱ፤ በዚያም በእምኩሉ ወደ ነበረው ወደ ስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። መጽሐፍ ቅዱስን በሚናገሩት ቋንቋ ሲነበብ ሰሙ። ይህ መጽሐፍ በቀላል አልተገኘም። አቡ ሩሚ የተባለ የጎጃም ሰው በካይሮ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ ወደ አማርኛ መለሰው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፥ ሐዲስ ኪዳን በ1829፥ መላው መጽሐፍም በ1840 ታተመ። እንግዲህ አንድ ሰው የደከመበትን ሌላው ሰው ይሰማው ዘንድ ተሰጠው።

ታዬ ግን በዚህ አላበቁም። ወደ አገራቸው ተመልሰው ግእዝንና ቅኔን ከአገራችን መምህራን ተማሩ። የቅኔ ቤት ተማሪ እንዴት እንደሚማር ታውቃለህ። መምህሩ የሚናገረውን በጆሮው ይቀበላል፤ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ ልቡ ለጥቂት ጊዜ ወደ ሌላ ቢሄድ ምሥጢሩ ያመልጠዋልና ዓይኑን ጨፍኖ ያደምጣል። ታዬም በሚስዮኑ ቤት የተማሩትን በቅኔ ቤቱ አልጣሉትም፤ የአባቶቻቸውንም ትምህርት ስለ ሚስዮኑ አልናቁትም። ሁለቱንም ሰሙ።

ከዚህም መስማት ፍሬ ወጣ። በ1889 መጽሐፈ ሰዋስው የተባለው ሥራቸው በእምኩሉ ታተመ። ሰዋስው የሚጽፍ ሰው የቃሉን ሥርና ቅርንጫፍ አንድ በአንድ ያልሰማ እንደ ሆነ ምንም ሊጽፍ አይችልም። በ1905 ዳግማዊ ምኒልክ ወደ በርሊን ላኩዋቸው፤ በዚያም በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት እስከ 1908 ድረስ አስተማሩ። ኦይገን ሚትቮኽ የተባለ የጀርመን ሊቅ ከአንደበታቸው የሰማውን የአገራችንን ተረት ጽፎ አሳተመ። በልጅነታቸው አጥብቀው የሰሙ ሰው በጉልምስናቸው የሚሰማቸው አገኙ።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ ቃሉን መስማት ዋጋ የለውም አትበል። አለቃ ታዬ በሃይማኖት ነገር ተከሰሱ። አስቀድሞ ምኒልክ ጠበቁዋቸው፤ ከበርሊን ከተመለሱ በኋላ ግን ዳግመኛ ተከሰው ታሰሩ። ይህን የምጽፈው ከሳሾችን ለመውቀስ አይደለም፤ የሰሙት ቃል ከጆሮአቸው አልፎ ልባቸው ድረስ ገብቶ እንደ ነበረ ታውቅ ዘንድ ነው። በጆሮ ብቻ ያለ ነገር በእስራት ቀን ይጠፋልና። ከእስራታቸውም በኋላ አገራቸውን አልጠሉም፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1922 በአሥመራ ታተመ። በ1924 ዐረፉ።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር፤ እፍረቴ ለአንተ ትምህርት ይሆን ዘንድ። በልጅነቴ በቅዳሴ ቆሜ ጳውሎሱ፥ ሐዋርያው፥ ወንጌሉም ሲነበብ ግእዙን አላውቅም ነበርና ያልሰማሁት በቋንቋው ምክንያት ነው እል ነበር። በኋላ በሚስዮን ትምህርት ቤት በአማርኛ ሰማሁ፤ ወንጌልም ሰባኪ ሆንሁ። አንድ ምሽት በቤቴ ለተሰበሰቡት ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ ይሁን የሚለውን የያዕቆብን ምክር አነብ ነበር። አንዲት ባልቴት ጎረቤት በደጅ ቆማ ጠራችኝ፤ ላምዋ በጎርፍ ተይዛ ነበር። እኔም ንባቡ እስኪያልቅ ቆዪ አልኋት። ንባቡን በጨረስሁ ጊዜ እርስዋ ሄዳለች። ፊደል የማይቈጥሩ አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሥተው በትራቸውን አንሥተው ወደ ውኃው ወረዱ። እኔ አንብቤ ነበር፤ የሰሙት ግን እርሳቸው ናቸው። ላሚቱን በሌሊት አወጧት፤ እኔም ከኋላቸው ደርሼ ገመዱን ያዝሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ምዕራፍ ለእኔ ሌላ መጽሐፍ ሆነብኝ።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፤ እንዲህ አድርግ። ቃሉ ከመነበቡ አስቀድሞ የገበያውንና የከብቱን አሳብ እንደ ጫማ ከደጅ አውልቅ። ብዙ ምዕራፍ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትቸኩል፤ ጥቂቱን ሁለት ጊዜ ስማ። ያልገባህን ጠይቅ፤ ያ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስን ለመጠየቅ አላፈረምና። ማንበብ የማትችልም ብትሆን አትዘን፤ እምነት ከመስማት እንደሚመጣ ሐዋርያው አስተምሮናል፤ ልጅህን ወይም ጎረቤትህን አስነብበህ አድምጥ። ከሰማኸውም አንዱን ነገር ፀሐይ ሳትጠልቅ አድርገው፤ ያልተደረገ ቃል እንደ ተዳፋት ውኃ ነውና።

በዚያ መንገድ ስታልፍ ይፋግ ስትደርስ ጥቂት ቁም። ከዚህች ስፍራ አጠገብ የተወለደ አንድ ድኻ ብላቴና ጆሮውን ለቃሉ ሰጠ፤ እግዚአብሔርም አንደበቱን ለብዙዎች ሰጠው። ያው ጌታ ዛሬ ለአንተም የሚሰማ ጆሮ ይስጥህ። አሜን።