መሐንዲሱ ኢልግና የባቡሩ መሬት

የጅቡቲ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ከባሕር ጠረፍ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ለሚወጣው ሐዲድ መቶ ዓመት ያህል መነሻ ሆኖ ኖሯል። ጣቢያው ከመሠራቱ በፊት ሥፍራው ጥላ የሌለው፣ የሚጠጣ ውሃም እንደ ልብ የማይገኝበት አሸዋማ ዳርቻ ነበር። ከተማው ራሱ መቆርቆር የጀመረው በ1880 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ነጋዴ በዚህ አሸዋ ላይ መጋዘን ልሥራ ቢል ይሳቅበት ነበር እንጂ ቦታውን የሚሻማው ሰው አይኖርም ነበር። ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላ ግን ለጣቢያውና ለወደቡ የቀረበ ቦታ ሁሉ ለመደብር፣ ለመጋዘንና ለእንግዳ ማረፊያ ተፈላጊ ሆነ። ይህን ለውጥ ካስከተሉት ሰዎች መካከል ቀደምቱ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ አገር መሐንዲስ ነው።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም. ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። መጀመሪያ የእጅ ሙያ ተማረ፤ ቀጥሎም በዙሪክ ከተማ በሚገኘው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ የምሕንድስና ትምህርቱን ፈጸመ። ትምህርቱን በጨረሰበት ወቅት በአውሮፓ የባቡር ሐዲድ ሥራ የዘመኑ ታላቅ ሥራ ነበር። በገዛ አገሩም የጎትሃርድ ተራራ እየተፈለፈለ ነበር። ይሁን እንጂ የስዊስ የባቡር ኩባንያዎች ከአቅማቸው በላይ ተበድረው ስለ ነበር በዚያው ሰሞን ብርቱ የገንዘብ ችግር ደርሶባቸው ነበር። ሙያ አለኝ የሚል ወጣት ሁሉ የሥራ በር ተከፍቶ አይጠብቀውም ነበር ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በኤደን በሚገኝ አንድ የስዊስ የንግድ ቤት አማካይነት መሐንዲስ እንዲፈለግላቸው ጠይቀው ነበርና ጥሪው ለኢልግ ደረሰው። ለሃያ አራት ዓመት ወጣት ይህ ቀላል ምርጫ አልነበረም። ወደማያውቀው አገር መሄድ ዘመዱንና ጓደኛውን ብቻ ሳይሆን የሙያ ባልደረቦቹን ጭምር መተው ነበር። እዚህ ቢሳሳት የሚያርመው፣ ቢቸግረውም የሚያማክረው ሌላ መሐንዲስ አያገኝም። ኢልግ ግን ጥሪውን ተቀበለ። ሁለት የስዊስ የእጅ ባለሙያዎችን አስከትሎ በ1870 ዓ.ም. ተነሣ፤ ከብዙ ወራት ጉዞም በኋላ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ገባ።

አዲሱ መሐንዲስ ወዲያውኑ ሐዲድ ልዘርጋ አላለም፤ ቢልም የሚሰማው አልነበረም። ንጉሡ ሙያውን ለመፈተን መጀመሪያ ጫማ እንዲሠራ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ እንዳዘዙት ይተረካል። ለዚያ ሥራ አልተማርኩም ብሎ እምቢ ቢል ምናልባት ታሪኩ በዚያው ባበቃ ነበር። እሱ ግን የታዘዘውን ሁሉ ሠራ። አማርኛ ተማረ፤ ቤት አነጸ፤ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ አቆመ። ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ ዘንድ ያስገረመው ግን ከእንጦጦ ተራራ ሥር በቧንቧ ስቦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ጉብታ ያወጣው ውሃ ነበር። ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም ብሎ የተከራከረው መኳንንት ሁሉ ውሃው ሲንፏለል አይቶ ዝም አለ። በኢልግ ላይ የነበረው እምነት እንዲህ ባሉት ሥራዎች ቀስ በቀስ ተገነባ።

የባቡሩን አሳብ ኢልግ ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ በልቡ ይዞት ነበር። ነገር ግን ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ብቻ በነበሩበት ዘመን እንዲህ ያለውን ታላቅ ነገር በራሳቸው ሥልጣን ሊወስኑ አይችሉም ነበር። ሐረርን በ1879 ዓ.ም. ከያዙ፣ በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ በእጃቸው ሆነ። ያን ጊዜ የሐረርና የሸዋ ንግድ በዘይላና በታጁራ በኩል የሚመላለሰው በግመል ነበር። ሲራራ ነጋዴው ቡናውን፣ ቆዳውንና የዝሆን ጥርሱን ጭኖ በረሃውን ለማቋረጥ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር።

በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለኢልግ የባቡር መሥሪያ ፈቃድ ሰጡት። የፈረንሳዩ ነጋዴ ሌዮን ሼፍኔም የሥራው ተባባሪ ነበር። እንዲህ ያለው ፈቃድ በፈረንጆቹ አጠራር ኮንሴሲዮን ይባላል፤ ይኸውም መንግሥት መሬቱንና የመሥራቱን መብት ለተወሰነ ዘመን ለአንድ ሰው ወይም ኩባንያ ሲሰጥ የሚጻፍ ውል ነው። የዚህ ውል ዘመን 99 ዓመት ነበር። ሐዲዱ በሦስት ክፍል እንዲሠራ ታቀደ፤ መጀመሪያ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ከዚያ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባል። በዚያች ወረቀት ኢልግ ከመሐንዲስነት ወደ ሌላ ሙያ ተሻገረ። መሐንዲስ የሚጨነቀው ድልድዩ ሸክሙን ይችል እንደሆነ ነው። የኮንሴሲዮን ባለቤት ግን መሬቱ የማን እንደሆነ፣ የሥራው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ የሚሠራው ጣቢያና መጋዘን ወጪውን በስንት ዓመት እንደሚመልስ፣ ገንዘብ ያበደረውስ ሰው ነገ ምን እንደሚጠይቅ ማሰብ ይኖርበታል። ለዚህ ኛው ሙያ ዙሪክ ያስተማረው ነገር አልነበረም። ኢልግም ሆነ ሼፍኔ ለዚህ የሚበቃ የራሳቸው ሀብት አልነበራቸውም። ስለዚህ በፓሪስ ኩባንያ አቋቋሙ፤ አክሲዮንና የብድር ወረቀት ለሕዝብ መሸጥም ተጀመረ።

የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ኢትዮጵያ በአውሮፓ ዓይን ሌላ አገር ሆነች፤ ኩባንያውም ገንዘብ ለመሰብሰብ አጋጣሚው ተመቸው። አፄ ምኒልክ በ1889 ዓ.ም. ኢልግን የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሙት። በጥቅምት 1890 ዓ.ም. ሥራው ከጅቡቲ ተጀመረ። በረሃው እሳት ነበር። ውሃ ከሩቅ ይመጣል፤ ከጅቡቲ ጥቂት እንደ ተጓዙ ሸለቆዎቹ ስለሚጀምሩ በሸበሌና በሆልሆል ላይ ረጃጅም የብረት ድልድዮች መቆም ነበረባቸው። ምድሩ ያለ ፈቃዳችን ተወሰደ ያሉ የአካባቢው አርብቶ አደሮችም ሥራውን ብዙ ጊዜ አጠቁት። ለእነሱ ያ ምድር የግጦሽ መሬትና የግመል መንገድ ነበርና ነገሩ አያስገርምም። በውሉ ላይ ስማቸው አልነበረም። በሙቀትና በበሽታ፣ በግጭትም የሞቱት የቀን ሠራተኞች ስምም እንደዚሁ የትም አልተጻፈም።

በሐምሌ 1892 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ጣቢያ ተነሥቶ ድንበር ላይ እስካለችው ደወሌ ድረስ መሥራት ጀመረ። ከዚህ ወዲያ የተደረገው ውሳኔ የብዙ ሰው ኑሮ የለወጠ ነው። በውሉ መሠረት ሐዲዱ ሐረር መድረስ ነበረበት። ዳሩ ግን ሐረር ያለችው በተራራ ላይ ስለሆነ ዳገቱን በሐዲድ መውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ ከሥሩ በቆላው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከጅቡቲ ያለው ርቀት 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ከተማ እንዴት እንደሚወለድ ለማየት ድሬዳዋን መመልከት ይበቃል። ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ በአንደኛው ወገን ኩባንያው ጣቢያውንና መጠገኛውን አቆመ፤ ቀጥ ያሉ መንገዶች አስወጥቶ የቦታውንም አከፋፈል መራ። ይህ ከዚራ ተባለ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የአገሩ ነጋዴ ገበያውን ያቆመበት መጋላ አደገ። የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድና የዓረብ ነጋዴዎች መደብራቸውን ወደ ጣቢያው አስጠጉ። ሐረር ዘመናት ያስቆጠረ የንግድ ማዕከልነቷን ለታናሽ እኅቷ ማካፈል ግድ ሆነባት። ዘይላ ደግሞ ግመሎቿ ቀሩባት፤ የመጋዘኖቿ ዋጋ ወደቀ። በጅቡቲ የወጣው ዋጋ በዘይላ የወረደው ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይሁን እንጂ ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ የኩባንያው ካዝና ባዶ ነበር። የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮን እየገዙ ገቡ። ይህን ያየው የፈረንሳይ መንግሥት ጅቡቲ ከእጄ ልትወጣ ነው ብሎ ሰጋ። በጥር 1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ፤ በዓመት 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊረዳ ተስማማ፤ በምላሹም በኩባንያው ላይ የቁጥጥር ሥልጣን አገኘ። አፄ ምኒልክ ይህን ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ። ፈቃዱን የሰጡት ለሚያምኑት ሰው እንጂ ለባዕድ መንግሥት አልነበረምና። ሐዲዱ ከድሬዳዋ አልፎ እንዳይሄድ ከለከሉ፤ የድሬዳዋውም መሥመር በክብር አልተመረቀም።

የኢልግ ጭንቀት ከዚህ ጀመረ። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነው፤ በሌላ በኩል ንጉሠ ነገሥቱ የተቆጡበት ሥራ መሥራች ነው። ለአንዱ ሲታመን ለሌላው ከሐዲ ይመስላል። በእኔ ግምት ኢልግ አገሪቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳያረጋግጥ የመሬቱን ውል መፈረሙ ነው። ውሉ በስሙ ነበር፤ አክሲዮኑ ግን በሌሎች እጅ ነበር።

በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት ውል ውስጥ የባቡሩን ጉዳይ ከአገሪቱ ባለቤት ሳይመክሩ ተከፋፈሉት። በዚያው ዓመት የኢልግ ኩባንያ ፈረሰ። ኢልግም ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ካገለገለበት አገር ተሰናብቶ ከቤተሰቡ ጋር ዙሪክ ገባ። በጥር 1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጠ፤ ሥራውንም የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ የተባለው አዲስ ማኅበር ተረከበ። በዚህ ኛው ውል ላይ የኢልግ ስም አልነበረም።

ኢልግ በታኅሣሥ 1908 ዓ.ም. በዙሪክ አረፈ። ከኢትዮጵያ የወሰዳቸው ዕቃዎችና ያነሣቸው ፎቶግራፎች በዚያው በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል። ባቡሩ ወደ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ጨርሶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ኢልግ ከሞተ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖት ነበር። የከተማው ሰው ጣቢያውን በፈረንሳይኛው ስም ለገሃር አለው። ከለገሃር ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝም መደብርና መጋዘን የሚሠራበት ቦታ ይፈለግ ጀመር።